የአዴ ሩቂያ ወንበር

ጉሌድ ስልክ ሲደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። «አንተ ሌባ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ባለፈው ሰሞን ግን ስልኩን ሳነሳ «አየለ» ብሎ በስሜ ጠራኝ። ሰው እንደሞተ ያወቅሁት ያኔውኑ ነው።

«አዴ ሩቂያ ወደ አኺራ ሄደች፣ ዋላል» አለኝ። ዋላል ወንድሜ ማለቱ ነው።

ሚስቴ ከጓዳ ሆና «ማን ነው የሞተው?» አለችኝ።

«አዴ ሩቂያ።»

«ድሬ ላይ ክር የምትሸጠው?»

«አዎ፣ ክር የምትሸጠው።»

ሚስቴ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደችና የታችኛውን መሳቢያ ስባ ቆማ አየችው። እዚያ መሳቢያ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ክር አለ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ደግሞም ጤነኛ ሰው ልብስ የማይሰፋበት ዓይነት ብርቱካናማ ክር። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ሆና አታውቅም። ይህ ሁሉ ክር እንዴት ቤታችን እንደገባ ካልተናገርኩ አዴ ሩቂያን ላስተዋውቃችሁ አልችልም።

በወጣትነቴ የኮንካን ተጫዋች ነበርኩ። ኮንካን ማለት ለማያውቀው፣ አሥራ ሦስት ካርታ ይታደልሃል፤ በየተራህ አንድ ታነሳለህ፣ አንድ ትጥላለህ፤ ካርታህን ሁሉ ቀድመህ ካሰካካህ ትዘጋለህ። ለሥራ ድሬ ዳዋ ከገባሁ በኋላ ከዚራ በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሻምፒዮን ነበርኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤትና ሁለት ደንበኞቹ ይህንን ሊመሰክሩልኝ ይችሉ ነበር፤ የሚያሳዝነው ሦስቱም አገር ጥለው ሄደዋል። ሳገባ ሚስቴ «ወይ ካርታውን ወይ እኔን» አለች። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ፈነዳና ካርታ የአድኃሪው ሥርዓት ርዝራዥ ነው ተባለ። ሚስቴን ፈርቼ ያቆምኩትን ነገር አብዮቱን ደግፌ ያቆምኩ አስመስዬ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ላይ ተናገርኩበት። ተጨበጨበልኝም።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቴ ነጭ ክር ግዛ ብላ ወደ መጋላ ገበያ ላከችኝ። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ክር የሚያስገዛ ፀሐይ የለም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰዉ ጥላ ጥላውን ተኝቷል፤ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች እንኳ ኒም ዛፍ ሥር ቆመው ያንቀላፋሉ። ከደቻቱ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሱቅ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁ። ገና እግሬን ሳስገባ ከመጋረጃው ጀርባ ያንን ድምፅ ሰማሁት። ካርታ ሲበወዝ።

ባንኮኒው ጋ አንዲት አጭር፣ ደንደን ያለች ሴት ሽቲ ቀሚሷን ለብሳ፣ የጨርቅ መለኪያ የእንጨት ሜትሯን እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆማለች።

«ምን ፈለግሽ?» አለችኝ።

ዞር አልኩ። ሚስቴ ተከትላኝ የመጣች መስሎኝ ነበር።

«ነጭ ክር ነበር፤ እርስዎ ጋ ካለ» አልኳት።

አሁን ደግሞ እሷ ዞር አለች። ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ነው።

የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ሠፈሩ ሁሉ «አዴ»፣ እናቴ እንደማለት፣ ይላታል። አዴ ሩቂያ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከባሏ ጋር በሶማሊኛ፣ ከደንበኛ ጋር ደንበኛው በመጣበት ቋንቋ የምትናገር ሴት ነበረች። አማርኛዋ ግን አንድ የራሷ ሕግ ነበረው፦ ወንድ ሁሉ አንቺ ነው፣ ሴት ሁሉ አንተ ነው። አንቱ የሚባል ነገር ደግሞ አይታወቅም። ማንም አያርማትም፤ ማንም አይቀየማትም። እኔም እዚያ መዋል ከጀመርኩ በኋላ ሚስቴን «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ የለም እንዴ?» ብያት የምሳው ነገር ለጊዜው ተረስቷል።

ክሩን ሰጥታኝ ሳለ ዓይኔ ከመጋረጃው አልነቀል አለ። አየችኝ።

«ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ድሮ ሻምፒዮን ነበርኩ» አልኳት። ሰው ቶሎ ቢመክረኝ ጥሩ ነበር፤ ግን የሚመክር አልነበረም።

ጓዳው ጠባብ ነው። የስኳር ጆንያ፣ የሳሙና ካርቶን፣ መሀል ላይ አንድ ጠረጴዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ እስከ አሱር፣ እስከ ማምሻው ሶላት ድረስ ውድድር አለ። ገንዘብ አይታሰብም። «ሐራም ነው፤ ሳንቲም ያወጣሽ ከሱቄ ትወጫለሽ» ትላለች። እሷ ራሷ አትጫወትም፤ ዳኛ ናት። ውድድሩን የምትከፍተው ጠረጴዛውን በሜትሯ መታ በማድረግ ነው። የሌላ ሰው ካርታ ለማየት አንገቱን የሚያስረዝምም በዚያው ሜትር ጣቱን ይቀምሳታል። ተሸናፊው ጆንያ ላይ ይቀመጣል። አሸናፊው ግን ወንበር አለው።

ወንበሩን ልንገራችሁ። ክንድ ያለው፣ ጥቁር እንጨት፣ ጀርባው በሸምበቆ የተሠራ፣ ከአገር የወጣ አንድ ግሪክ ነጋዴ የሸጠው ወንበር ነው። የሳምንቱ አሸናፊ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ሱቁ በመጣ ቁጥር እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ሄል የገባበት ሻይ ይቀዳለታል። አዴ ሩቂያ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስትከፍት መጀመሪያ የምትወለውለው ያንን ወንበር ነው። ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ለአሸናፊው ስም ያወጣችለትም ራሷ ናት። በሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ሊቀመንበር፣ ሊቀመንበር ሲባል ትሰማና ምን ማለት ነው ብላ ጋሽ ቶሎሳን ጠየቀችው። ጋሽ ቶሎሳ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው፤ ካርታ ሲጥልም ጣቢያ እንደሚገባ ባቡር ቀስ ብሎ ነው። ጥቂት አሰበና «ከሁሉ በላይ ባለው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ማለት ነው» አላት። «በቃ!» አለች፤ «የኔም ወንበር ላይ የተቀመጠች ሊቀመንበር ናት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አሸናፊው ሊቀመንበር ተባለ። የቀድሞው ሲሸነፍና ከወንበሩ ሲነሳ ደግሞ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ሊቀመንበሩ ወረደ!» ይላል። ከመካከላችን አንድም ሰው ይህ ነገር የካድሬ ጆሮ ቢገባስ ብሎ አላሰበም። ሦስት ቋንቋ የሚናገረው ሹፌሩ ጉሌድ፣ የባቡር ነጂውና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆንኩት እኔ ተሰብስበን አላሰብንም።

ወደ ውድድር መመለሴን ታላቅ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ጣቶቼ ታይፕ ላይ ይሮጣሉ፤ ካርታ ላይ ግን ደርቀው ቀርተዋል። የያዝኩት እየተበተነ እግሬ ሥር ይወድቃል፤ ስለቅም ሌላው ይወድቃል። ስሸነፍ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አይጣልም ነበር» እላለሁ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ጉሌድ ድምፁ የደቻቱን ወንዝ የሚሻገር ሰው ነው። «በናንተ ጊዜ ካርታው ስንት ነበር፣ ዋላል? ስድስት?» ይለኛል። ዋናው በሽታዬ ግን መጣል አለመቻሌ ነው። ካርታውን እይዛለሁ፣ አነሳለሁ፣ ልጥለው እልና መልሼ እከተዋለሁ፣ ደግሞ አወጣዋለሁ። ጋሽ ቶሎሳ ሻዩን ይጨርሳል። ያኔ አዴ ሩቂያ ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፍና እንዲህ ትላለች፦

«ጣይ አቦ! ካርታ ናት እንጂ ልጅሽ አይደለችም!»

ስንት ጊዜ እንዳለችኝ አላውቅም። እኔ ሳምንት እየጠበቅሁ እሸነፋለሁ፤ ለሚስቴ ደግሞ መጋላ የሄድኩበት ምክንያት እንዲኖረኝ አንድ አንድ ክር ይዤ እገባለሁ። አንድ ቀን «ቤቱን ልንሰፋው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ አሸነፍኩ። እንዴት እንዳሸነፍኩ እኔም አልገባኝም፤ ሁለት ጆከር ተከታትለው መጡና ካርታው ራሱ ዘጋ። ወንበሩ ላይ የነበረው ጉሌድ ነው። ብድግ ብዬ ጆንያው ላይ ወጣሁና ሳንባዬ በቻለው መጠን «ሊቀመንበሩን አወረድኩት!» ብዬ ጮኽኩ። አንዴ አልበቃኝም። ወደ መስኮቱ ዞሬ ደገምኩት።

በመስኮቱ አጠገብ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ያልፍ ነበር።

ገባ። አየን። «ማነው ያለው?» አለ። ቤቱ ውስጥ ጆንያ ላይ ቆሞ የነበረ እኔ ብቻ ስለነበርኩ መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር። እኔና የሱቁ ባለቤት ቀበሌ እንድንሄድ አዘዘ። ከዚያ ጠረጴዛውን አየ፣ ካርታውን አየ፣ ጉሌድ ነገሩ የካርታ ወንበር ነው ሲለው «የትኛው ነው የሊቀመንበር ወንበር የምትሉት?» አለና ለማስረጃ እንዲመጣ አዘዘ። የሚሸከም ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ።

ሻምፒዮን ስሆን ያንን ወንበር እንደምቀመጥበት ነበር የማስበው፤ እሱ ግን ጭንቅላቴ ላይ ተቀመጠ። ከኋላዬ ጠመንጃ፣ ከፊቴ ሜትሯን ይዛ አዴ ሩቂያ፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን። የመሥሪያ ቤቴ ዘበኛ መንገድ ላይ አገኘኝና «አቶ አየለ፣ ቤት ቀየሩ እንዴ?» አለኝ። «ገና አልታወቀም» አልኩት። እውነቴን ነበር። በዚያ ዘመን ቀበሌ የገባ ሰው ማታ የት እንደሚያድር አያውቅም፤ ወንበሩን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ ሄድኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ይባላል። ሁርሶ ጦር ማሰልጠኛ ሲሰለጥን ወገቡን ተጎድቶ የተመለሰ፣ በታጣፊ ብረት ወንበር ላይ ጎብጦ የሚቀመጥ፣ ገና ወጣት ሰው ነው። ከጎኑ ጸሐፊ አለ።

«የወረደው ሊቀመንበር የትኛው ነው?» አለኝ።

ታይፒስት ነኝ። «ፀረ አብዮት» የሚለውን ቃል ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። ሌላ ሰው ስለ እኔ ሊጽፈው ብዕር ሲያነሳ ማየት ግን ለካ የተለየ ነው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል «ክር ልገዛ ነበር» የሚል ነበር።

አዴ ሩቂያ ሜትሯን ወለሉ ላይ ተከለች።

«አንቺ ጓድ» አለችው። ጸሐፊው ቀና አለ። «ሊቀመንበር ብዙ ነው። የቀበሌ አለ። የከፍተኛ አለ። የሴቶች አለ፣ የወጣት አለ። አዲስ አበባም አለ። አንቺ የትኛው ወረደ ብለሽ ነው የደነገጥሽው?»

ጓድ ታፈሰ ጸሐፊውን በጎን አየው። የኔን ነው እንዳይል ነገሩ አነሰበት። የአዲስ አበባውን ነው እንዳይል ደግሞ ያንን ቃል መጀመሪያ ከገዛ አፉ ማውጣት ሊኖርበት ነው፤ አጠገቡም የሚጽፍ ሰው አለ። ጸሐፊው ብዕሩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይኸውና» አለች አዴ ሩቂያ ወንበሩን በሜትሯ ነካ አድርጋ። «እዚህ ላይ የተቀመጠች ሊቀመንበር ናት። ካርታ የተሸነፈች ትወርዳለች። በቃ፣ ይሄው ነው።»

«የማን ወንበር ነው?»

ያን ጊዜ ድምጿ ዝቅ አለ። እንዲያ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«የዩሱፍ ነው፤ የባሌ። ዩሱፍን በጦርነቱ ጊዜ ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ ብለው ወሰዷት። አንቺ ያኔ አልነበርሽም፣ አንቺን አላልኩም። ጥያቄው ረዘመ መሰለኝ፤ እስካሁን እየመለሰች ነው።» ወንበሩን በእጇ ዳበሰች። «ወንበሩ ባዶ ሲሆን ዓይኔን ያመኛል፣ ወላሂ። ሰው ይቀመጥበት ብዬ ነው። ደግሞ ዝም ብላ የመጣች ሁሉ አትቀመጥም፤ ዩሱፍ ዝም ብላ የመጣች ሰው አልነበረችም። አሸንፋ ትቀመጥ ብዬ ነው።»

ስንት ወር ሙሉ በዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ስሻማ የኖርኩት የማን ቦታ እንደሆነ ሳላውቅ ነበር። አፈርኩ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አዘንኩ። ጓድ ታፈሰም ወለሉን አየ። «ሂዱ» አለን፤ «ሁለተኛ እንዳትጮኹ።» ልንወጣ ስንል ግን ጨመረበት። «ወንበሩ ለማስረጃ ይቆያል።»

በማግስቱ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ማስረጃው ላይ ጓድ ታፈሰ ተቀምጦ አየው። ወገቡ ቀና ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜ፣ ቅዳሜ አልነበረም። ካርታ ተጫወትን፤ ጋሽ ቶሎሳ አሸነፈ፣ ከአንዱ ጆንያ ተነስቶ ሌላው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አዴ ሩቂያ ሜትሯን አላነሳችም። ወንበሩ የነበረበትን ቦታ ላለማየት ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ሻይ ትቀዳለች። እኔ ካርታ ይዤ ስወላውል እንኳ ምንም አላለችኝም። ቁጣዋ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ግን ዝም ብላ የምትተው ሴት አይደለችም። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቷ በፊት ቀበሌ መሄድ ጀመረች። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ምን ፈለግሽ?» ሲላት «ወንበሬን ሰላም ልል ነው» ትላለች። ትገባለች፤ ጓድ ታፈሰ ተቀምጦበት እያለ በቀሚሷ ጫፍ የወንበሩን ክንድ ወልውላ፣ «ደህና ዋይ» ብላ ትወጣለች። ደህና ዋይ ያለችው ሰውየውን ይሁን ወንበሩን ለማወቅ አይቻልም። አትከስስ፣ አትለምን፣ አትሳደብ። ጓድ ታፈሰ ቢያባርራት ደግሞ ሰው ምን ይላል? ወንበር ሰላም ማለትን የሚከለክል አዋጅ የለም።

አንድ ጠዋት ልትወጣ ስትል ጠራት።

«ኮንካኑን ስትጫወቱ ጆከር በስንት ነው?» አላት።

ይህንን ለእኛ ስትነግረን ዓይኗ እንደገና በርቶ ነበር። «ገባችልኝ!» አለች። ለካ ጓድ ታፈሰ ሁርሶ ካምፕ ውስጥ በካርታ የሚታወቅ ሰው ኖሯል፤ ሹመት ሲመጣ ነው የተወው። «ቅዳሜ ነይ አልኳት። ካሸነፍሽ ወንበሩ ሐላልሽ ነው፣ አፌን ከፍቼ አልናገርም። ከተሸነፍሽ ግን ይመለሳል። እሺ አለች።»

«ማን ነው የሚገጥመው?» አለ ጉሌድ።

«እኔ ነኛ» አለች አዴ ሩቂያ።

ስትጫወት አይተናት አናውቅም። ሌላ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ጉሌድ እሺ አለ፤ ሁለተኛው እኔ ሆንኩ፤ ጋሽ ቶሎሳ ዳኛ ሊሆን ሜትሩን ተረከበ።

ቅዳሜ ጓድ ታፈሰ መጣ። ወንበሩን ያ እኔን የያዘኝ ጥበቃ በራሱ ላይ ተሸክሞ ከኋላው ነበር፤ ሲገባ ከመቃኑ ጋር ሲጋጭ አይቼ ደስ አለኝ። ጓድ ታፈሰ እዚያው ላይ ተቀመጠ፣ ሽጉጡን ፈትቶ ለጥበቃው ሰጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ያኔ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በኮንካን አንድ ሰው የጣለውን ካርታ የማንሳት መብት ያለው ከሱ ቀጥሎ ያለው ተጫዋች ነው። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠው ጓድ ታፈሰ ነበር።

አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ካሸነፈ አሸነፈ። እኔ ማሸነፍ አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ለሱ የሚሆን ካርታ አለመጣል ብቻ ነበር። ለዚህም ቢሆን ችሎታ ያስፈልጋል ለካ። ሰባት ጦር ጣልኩ፤ አነሳው። አበባ ጣልኩ፤ እሱንም አነሳው። ላቤ ካርታው ላይ ይንጠባጠባል። ጉሌድ፣ ያ ድምፁ ደቻቱን የሚሻገረው፣ ሻይ የሚጠይቀው ባዶ ብርጭቆውን እያነሳ ነው። ሦስተኛውን ሲያነሳ አዴ ሩቂያ አላስቻላትም።

«አንቺ አየለ» አለች፤ «የቀበሌ መዋጮ ነው እንዴ የምትከፍይው?»

ጥበቃው ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

ከዚያ ያ ተራ መጣ። እጄ ላይ የቀይ ልብ ንግሥት አለች፤ ለኔ አትሆነኝም፣ የትም አትገባም። የተማረ ተጫዋች ቶሎ የሚገላገላት ካርታ ናት። አወጣኋት። ጓድ ታፈሰ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ እጄን ያያል። መለስኳት። ደግሞ አወጣኋት። እሷን እንደሚጠብቅ ጠርጥሬ ነበር እንድል ትፈልጉ ይሆናል፤ አልጠረጠርኩም። ያው የድሮ በሽታዬ ነበር። አነሳሁ፣ መለስኩ፣ አነሳሁ። ጓድ ታፈሰ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጣለው እንጂ ጓድ! ካርታ ነው እንጂ ልጅህ አይደለም!»

እንዴት እንደተማረው አላውቅም፤ ምናልባት በመስኮቱ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰምቶት ይሆናል። አዴ ሩቂያ ዓይኗን ከካርታዋ ሳታነሳ በለሆሳስ መለሰችለት።

«ተያት። ዛሬ ልጇ ናት።»

ንግሥቲቱን መልሼ ከተትኳትና ሌላ ካርታ ጣልኩ። ጓድ ታፈሰ አየው፣ አልፈለገውም። ከመደቡ አነሳ፣ ፊቱን አጨፈገገና ያነሳውን ጣለ። ጉሌድ አንስቶ ጣለ። አዴ ሩቂያ ጉሌድ የጣለውን አነሳች፣ አሥራ ሦስቱን ካርታ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አንዱን ደፋች።

«ዘግቻለሁ» አለች።

ጋሽ ቶሎሳ በሜትሩ ጫፍ አንድ በአንድ ነካቸው። «ልክ ነው» አለ።

አሁን መጮህ አለብን። ደንቡ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሲሸነፍ ቤቱ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። እውነተኛው ሊቀመንበር እውነተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተሸንፏል፤ ከመካከላችን ትንፍሽ ያለ የለም። ጉሌድ ጣራውን ያያል። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ጥበቃው ሽጉጡን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል።

ጓድ ታፈሰ አንድ በአንድ አየን።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ። «ደንብ የላችሁም እንዴ?»

ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እጅጌውን አወረደ፣ ሽጉጡን ተቀብሎ ታጠቀ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን ሳያዞር፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ሊቀመንበሩ ወረደ» አለና መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

አዴ ሩቂያ ወንበሩ ዘንድ ሄደች። ክንዱን በቀሚሷ ወለወለችና ተቀመጠችበት፤ ስትቀመጥበት ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አጭር ስለነበረች እግሯ መሬት አልነካም፤ እንደ ልጅ ተንጠለጠለ። ልንስቅ ነበር። «ለዩሱፍ ነው የተሠራው» አለችና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጋሽ ቶሎሳ ካርታውን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ አለቀስኩ፤ ጉሌድም አለቀሰ፣ ግን እሱ እስከ ዛሬ ላብ ነው ይላል።

ከዚያ በኋላ አዴ ሩቂያ ካርታ ይዛ አታውቅም። ብንለምናትም እምቢ አለች። «አሸንፌያለሁ አይደል? ካልተጫወትኩ ማን ያወርደኛል?» ትላለች። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የሳምንቱ አሸናፊ ምክትል ሊቀመንበር ተባለ፤ ዋናዋ እሷ ነበረች። መንግሥት ተለወጠ፣ ሬዲዮው ያንን ቃል ማለት ተወ፣ ጓድ ታፈሰም ወዴት እንደገባ አልሰማንም። የአዴ ሩቂያ ሊቀመንበርነት ግን ቀጠለ። ዩሱፍ አልተመለሰም። እኔ ጡረታ ወጥቼ ናዝሬት እስክገባ ድረስ ምክትል የሆንኩት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ ክሩ ግን መሳቢያ ሞላ።

ለተዕዚያው፣ ማለት ለለቅሶው፣ ድሬ ስደርስ ሙቀቱ ያው ነው። ጋሽ ቶሎሳ ከአዴ ሩቂያም ቀድሞ አርፏል። ለቀስተኛው ከሰዓት ላይ ተበታትኖ ጓዳው ውስጥ የቀረነው ጉሌድ፣ እኔና የአዴ ሩቂያ ልጅ ፈትያ ነበርን። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል። ወንበሩ ቦታው ላይ ነው፤ ማንም ሊጠጋው አልደፈረም።

«ከታመመች ጀምሮ ሰው አልተቀመጠበትም» አለች ፈትያ። «ተኝታ ሁሌ ወደዚያ ነበር የምታየው።»

እኔም አየሁት። ዓይኔን አመመኝ፤ አዴ ሩቂያ ያለችው እውነት ነበር።

ጉሌድ ከኪሱ ካርታ አወጣ። «ሐዘን ቤት ነው እኮ» አልኩት። እሱ ግን ያየው ፈትያን ነው። ፈትያ ተነስታ ከባንኮኒው ሜትሩን አመጣችና ምንጣፉን መታ አደረገችው።

ሁለታችን ተጫወትን። እኔ አንድ ካርታ ይዤ ቀረሁ። አነሳሁ፣ መለስኩ፣ አነሳሁ። ጉሌድ አልቸኮለም፤ ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ ድምፅ ነበር። ረጅም ጊዜ ጠበቅሁ። ማንም ምንም ስላላለኝ ራሴ ጣልኩት። ጉሌድ አነሳውና ዘጋ።

ተነስቶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ደንቡን ሊል አፉን ከፈተ፤ ያ ትልቅ ድምፅ አልወጣ አለው። ወደ እኔ አየ። በዚህ ጩኸት የምታወቀው እኔ ነበርኩ።

«ሊቀመንበሯ ወረደች» ልል ነበር። ከዚያ በእሷ አማርኛ ሴት ሁሉ አንተ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

«ሊቀመንበሩ ወረደ» አልኩ።